«ወደ እግዚአብሔር መቅረብ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ጸሎት ቀለል ያለ ማብራሪያ

ሰሞኑን ቴሌግራሜን አንድ ዓይነት መልእክት ሞልቶታል። «ይህን ጸሎት ለ12 ሰው ላክ። በሦስት ቀን ውስጥ ደስ የሚል ዜና ትሰማለህ። ችላ ካልክ ግን…» የቀረውን ታውቁታላችሁ። የላከችልኝ የምወዳት ዘመዴ ስለሆነች ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከነከነኝ።

የከነከነኝ ከሌላ ወገን የምሰማውም ስላለ ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚያነሷት ነገር አለች። «እጸልያለሁ እኮ። ግን ምንም አይሰማኝም። ርቆኛል መሰለኝ።» ዘመዴ ጸሎትን እንደ ሎተሪ ይዛዋለች። ጓደኞቼ ደግሞ እንደ ትኩሳት መለኪያ፤ ሙቀት ካላሳየ ተበላሽቷል ባዮች ናቸው። የሁለቱም ግራ መጋባት ዞሮ ዞሮ «መቅረብ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው የሚያርፈው።

ቀድሜ ልናገር፤ ቄስም ዲያቆንም አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ፣ ካደግኩ በኋላ አባቶችን ጠይቄያለሁ፣ ትንሽ ትንሽ አንብቤያለሁ። የምጽፈው በአብዛኛው ያደግኩበትን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ይዤ ነው። ፕሮቴስታንቶች የሚለዩበትን ቦታ እግረ መንገዴን አነሳለሁ።

መቅረብ ማለት ምንድን ነው?

ከቃሉ እንነሳ። «ቀረበ» እና «ቆረበ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ቁርባንም ከዚያው ነው። አንድ ሰው ቆረበ ስንል ሥጋ ወደሙን ተቀበለ ማለታችን ነው፤ ሥሩን ብትቆፍሩት ግን ቀረበ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስናገረው ኖሬ ይህን ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በላይ መቅረብ የለም የምትለው ነገር ደረት ውስጥ የሚሰማ ሙቀት አይደለም። ጾሞ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ፣ ተራ ጠብቆ፣ በእግሩ ሄዶ አፉን የከፈተ ሰው ነው ቀረበ የሚባለው። እንባው እየወረደ ይሁን እንቅልፉ እየመጣ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጸሎትም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ፍትሐ ነገሥት የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ 14ኛው አንቀጽ ላይ ጸሎትን ሰው ከልዑል እግዚአብሔር ጋር የሚነጋገርበት ይለዋል። ንግግሩ ውስጥም ማመስገን፣ ያለፈ በደልን ማመን፣ የሚሹትን መለመን አሉ። አብዛኞቻችን የመጨረሻው ላይ ነው ውለን የምናድረው። እኔም ጭምር።

እናታችሁ ዳንግላ ነው ያለችው እንበል። መነኸሪያ ሄዳችሁ፣ ሚኒባስ ይዛችሁ ትጠይቋታላችሁ። አንዳንድ ቀን ጨዋታው ይደራል፣ ሦስተኛ ቡና ተጠጥቶም አያልቅም። አንዳንድ ቀን ደግሞ እሷ ምስሯን ትለቅማለች፣ እናንተ ግድግዳ ተደግፋችሁ ዝም ትላላችሁ። ማታ ስትመለሱ «ዛሬ እናቴ ጋ አልሄድኩም» ትላላችሁ? አትሉም። «ወደ እግዚአብሔር ቅረቡ ወደ እናንተም ይቀርባል» የሚለው የያዕቆብ መልእክትም ቅረቡ ነው የሚለው፤ ይሰማችሁ አይልም። መሰማቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ ሲመጣም ደስ ይላል። ካልመጣ ግን አልቀረባችሁም ማለት አይደለም።

በቀን ሰባት ጊዜ? ለማን ነው የሚቻለው?

መዝሙረ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ይላል። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ይዛ ቀንና ሌሊቱን ሰባት ቦታ ከፍላዋለች። ጎህ ሲቀድ ነግህ። 3 ሰዓት ላይ ሠለስት። 6 ሰዓት ቀትር። 9 ሰዓት ተሰዓት። ወደ ማታ ሠርክ። ከመተኛት በፊት ንዋም። ከዚያ መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። ንዋም ላይ ለምሳሌ በጌቴሴማኒ የጸለየው ጸሎት ይታሰባል።

እዚህ ላይ እኛ ያለምንም ልፋት ያገኘነው ጥቅም አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት የእኛው ሰዓት ነው። በሐዋርያት ሥራ ላይ መንፈስ ቅዱስ የወረደ ቀን ሰዎች «ሰክረዋል» ብለው ሲያሙ፣ ጴጥሮስ ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው ብሎ መለሰላቸው። ያ የእኛው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በስቅለት ቀን ምድር የጨለመችበት 6 ሰዓት፣ ጌታ ነፍሱን የሰጠበት 9 ሰዓት፣ ሁሉም እጃችን ላይ ያለው ሰዓት ነው። የፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ስድስት እየደመረ ማስላት አለበት። ጴጥሮስና ዮሐንስ በ9 ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ፣ እዚህ ቢሆን ኖሮ የቢሮ ሠራተኛው ከምሳ ተመልሶ የሚያዛጋበት ሰዓት ነበር።

ሁሉንም ሰባቱን ቆሞ ማድረስ በተለይ የገዳም ሰዎች ሥራ ነው። ለሥራ ሰው አባቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ጠዋትና ማታን እንዲይዝ፣ በመሃል ያሉትን ደግሞ ባለበት ሆኖ በልቡ እንዲያስብ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ትንሽ ብትቆሙ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ ጭኖ ይመጣል፣ ደጁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ኮፍያውን ከራሱ ያነሳል፣ ከግንባር ወደ ደረት ከግራ ወደ ቀኝ ያማትባል፣ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ጥሩምባውን ነፍቶ ይሄዳል። አራት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ጸሎት ነው ወይ? ነው። ብቻውን ይበቃል ወይ? እንግዲህ እናታችሁን በመስኮት እጅ ነስቶ ማለፍም አለ፤ ግን አንድ ቀን መግባት ያስፈልጋል።

ሌሊት ከድምፅ ማጉያ የሚመጣው ዜማስ ካላችሁ፣ አንዱ «ሰዓታት» የሚባለው የሌሊት ጸሎት ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩ ሊቅ ናቸው። እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ የሚያማርር ጎረቤት አለኝ። እሱም ቢሆን «ሰምቼ ነቃሁ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ በአንድ በኩል ሥራውን ሠርቷል።

የሌላ ሰው ቃል መድገም ጸሎት ይባላል?

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ውዳሴ ማርያምን ግን የሰባቱንም ቀን በቃሏ ትወርደዋለች። ውዳሴ ማርያም ለሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም የሚሰጥ፣ ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ምስጋና ነው። ጠዋት ጀበናውን ምድጃ ላይ ጥዳ፣ ቆማ ትጀምራለች። መሃል ላይ ዶሮዋ የተሰጣው እህል ላይ ትወጣለች። «እሽ! አንቺ የማትጠግቢ!» ትልና ካቆመችበት ቃል፣ ከዚያችው ቃል፣ ሳትዘል ትቀጥላለች። ልጅ ሆኜ በሳቅ እፈርስ ነበር። እግዚአብሔር ዶሮዋንም አብሮ የሰማ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሳይሰማ አይቀርም።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች የሚጠቅሱት ጥቅስ ማቴዎስ 6 ላይ ያለውን «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን ነው። ጥቅሱን ሙሉውን ብታነቡት አሕዛብ የሚነቀፉት ንግግራቸው በመብዛቱ የሚሰሙ ስለሚመስላቸው ነው። ችግሩ ብዛቱን እንደ ዋጋ መቁጠሩ ላይ ነው። እንጂማ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለው መዝሙር 26 ቁጥር አለው፣ በ26ቱም ላይ ያንኑ ይደግማል። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ «ያንኑ ቃል ደግሞ» ነው የሚለው ማቴዎስ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለን 41 ጊዜ የምንለውም በዚህ መንገድ ነው። መቁጠሪያው የተሠራው ጣት እንዲቆጥር፣ ልብ ከመቁጠር እንዲያርፍ ነው።

ለእኔ ነገሩን ግልጽ ያደረገልኝ ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ባለታንኳዎቹ ከጣና ማዶ ካለችው ከዘጌ እንጨት ጭነውበት ባሕር ዳር ድረስ ይቀዝፋሉ። የተደገመ ጸሎት፣ ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ አቡነ ዘበሰማያቱ፣ ያ ታንኳ ነው። ሌሎች ያሰሩት፣ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ያሻገረ። ግን ታንኳ ብቻውን የትም አይሄድም፤ መቅዘፊያውን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ልብ የሌለበት ድግግሞሽ ዳር ላይ የታሰረ ታንኳ ነው። ታንኳ የሌለው ቀዛፊ ደግሞ ዋናተኛ ነው፣ ጣናም ሰፊ ነው። የራሴ ቃል ባለቀብኝ ቀን፣ ሐዘን ላይ በነበርኩ ጊዜ፣ ያሻገረኝ ሌላ ሰው የጻፈው ቃል ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን ዳዊት ባይለው ኖሮ እኔ ደፍሬ አልለውም ነበር።

ፕሮቴስታንቶች የሚለዩት እዚህ ጋ ነው። እነሱ ዘንድ የሚበረታታው በብዛት በራስ ቃል መጸለይ ነው። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ለብቻ መቀመጥንም የጥሞና ጊዜ ይሉታል። የተጻፈ ጸሎት ልብን ያስተኛል የሚል ስጋት አላቸው፣ ስጋቱም መሠረት የሌለው አይደለም። ግን ኦርቶዶክስ ጋ በራስ ቃል መጸለይ የለም የሚል ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩን ተጠግታ የምታወራ እናት ሰምቶ አያውቅም። ስለ ልጇ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ሁሉንም በስሙ እየጠራች ነው የምትነግረው።

ሰውነት ምን አገባው? ልብ አይበቃም?

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ የሚያዘው ነገር አብዛኛው ስለ ሰውነት ነው። «ተንሥኡ ለጸሎት»፣ ለጸሎት ተነሡ። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ልባችሁን ከማዘዙ በፊት እግራችሁንና ዓይናችሁን ያዛል። ሰው ሳያዝን እንኳ ለቅሶ ቤት ገብቶ አንገቱን ሲደፋ ቀስ እያለ ሐዘኑ ይመጣበታል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስግደትም እንደዚያ ነው። ግንባር መሬት ሲነካ ልብ ይከተላል፣ ቶሎ ባይሆንም።

ስግደት ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት የንስሐ ስግደት የለም። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም የንስሐ አባቱን ጠይቆ በሌላ ይተካል። ድምፅ ማሰማትም ግድ አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። የተሳሳተው ዔሊ ነበር።

ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ለምን ይበተናል?

ቅዳሴ ላይ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላል፤ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ። እኛ ደግሞ በአንድ ድምፅ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቃል እያልኩ ልቤ ዕቁብ ላይ የነበረበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቆሜ ሳስቀድስ የባጃጅ ሒሳብ ሲያጭበረብረኝ የዋለ ሰው ትዝ ብሎኝ መልስ ሳዘጋጅለት ቅዳሴው አለቀ።

እንደገና ወደ ታንኳው ልመልሳችሁ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲሄድ ቀላል የነበረው ታንኳ ሲመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከሐይቁ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመዋል፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ፣ ፀሐይ እስኪመታው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ስትሄዱ እንደ ሰው ቆመው የምታዩዋቸው እነሱ ናቸው። እኛ ቀኑን ሙሉ ስልክና ወሬ ስንጠጣ ውለን፣ እንደረጠብን ጸሎት ላይ ወጥተን ለምን አልንሳፈፍም እንላለን። አባቶች ከጸሎት በፊት ትንሽ ዝም በሉ የሚሉት ለዚህ ነው። መብራት አጥፉ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት፣ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ፣ ከዚያ አማትቡና ጀምሩ።

ሐሳብ መበተኑ ራሱ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ሐሳብን ሰብስቦ ወደ ላይ ማቅናት ሰቂለ ልቡና ይባላል፤ መነኮሳቱ ራሳቸው ዕድሜ ልክ የሚለማመዱት ነገር ነው። እነሱ ጋ የመንፈሳዊ ሕይወት ደረጃ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ተብሎ ይከፈላል፣ ልቡና የመጨረሻው ነው። እኛ ግን ከመጨረሻው መጀመር እንፈልጋለን። የሚጠበቅብን ስንነቃ ወደነበርንበት ቃል መመለስ ነው። አያቴ ከዶሮዋ እንደምትመለሰው።

ለመንኩ፣ አልሆነም። እንግዲያስ?

ይህ ከባዱ ነው፤ ማብራሪያ ብዬ የጀመርኩት ጽሑፍም የሚያብራራው አይመስለኝም። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ግን ልንገራችሁ። ጳውሎስ ሥጋው ላይ ያለው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልራቀለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ መጣለት። ጌታም ጽዋው ይለፍ ብሎ ጸለየ፣ ጽዋው አላለፈም። ስለዚህ «ያልተሰጠኝ ስላልቀረብኩ ነው» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። ከነሱ በላይ የቀረበ ማን አለ?

የቴሌግራሙ መልእክት የሚያበላሸውም ይህን ነው። ለ12 ሰው ላክ፣ ዜና ትሰማለህ፤ ካልላክህ ወዮልህ። ይህ ንግግር አይደለም፣ ማስፈራሪያ ያለበት ንግድ ነው። ደርሷችሁ ከሆነ አጥፉት፣ ምንም አትሆኑም። ዘመዴ ይህን ካነበብሽ፣ አልላክሁትም፣ ደኅና ነኝ።

ሱባኤ መግባት ግዴታ ነው?

አይደለም። ሱባኤ ሰባት ከሚለው የመጣ ነው፤ ለሰባት ቀን ወይም በሰባት እየቆጠሩ ከሥራ ተለይቶ፣ እየጾሙ መጸለይ ነው። ብዙ የባሕር ዳር ሰው ለዚህ ወደ ዘጌ ይሻገራል፣ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም እዚያ ናቸው። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ገዳማት ሴት አያስገቡም፣ ስለዚህ ሳትሄዱ ጠይቁ።

እኔም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። በሶና ትልቅ ተስፋ ይዤ። የመጀመሪያውን ቀን ተኛሁ። ሁለተኛውን ቀን አብዛኛውን ተኛሁ። ለካ ደክሞኝ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ቡናው ጫካ ውስጥ አንድ አባት ቁጭ ብለው ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ቀይ ቀዩን እያነሱ ቅርጫት ውስጥ ሲጥሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፤ በአንድ ፍሬ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ነው። ቅርጫቱ መቁጠሪያቸው ነበር። «ሳታቋርጡ ጸልዩ» የሚለው የጳውሎስ ቃል ሥራ ለሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚሆን ሲያስቸግረኝ ኖሮ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና «በል ያንን ቅርንጫፍ ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከትንሹ። አባቶች የሚሉት ይሄው ነው፣ ፕሮቴስታንት ወዳጆቼም በዚህ ይስማማሉ። አንድ የተቆረጠ ሰዓት፣ አንድ የተቆረጠ ቦታ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር፣ ከዚያ በራሳችሁ ቃል የቀኑን ነገር። ዳዊት በ10 በ10 መዝሙር ይከፈላል፣ አንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል፤ በቀን አንድ ንጉሥ ማድረስ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ንጉሥ የያዘ ሰው በሳምንቱ ሲተወው አይቻለሁ፣ መስታወት ውስጥ። ሱባኤም ሆነ ስግደት ከመጀመራችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ መጠኑን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

እኔ የእኔን አባት «አባቴ፣ በቀን ስንት ልጸልይ?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሰው ጠየቁኝ። «ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳለህ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኳቸው። «ሥራ የምገባው ሁለት ተኩል ነው።»

ሳቃቸውን ለመያዝ ሞከሩ፣ አልቻሉም። «በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ጸሎቱን ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ።